ልጆችን በጨዋታ ስለ ማነጽ
(በኡኬ ለወላጆችና ለመድረሳ መምህራን የተደረገ ንግግር)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። 



የመስጊዱ ኮሚቴ ስለ ልጆች አስተዳደግ እንድናገር በጠየቀኝ ጊዜ ብዙዎቻችሁ ስለ ሰላት፣ ስለ ቁርአን ትምህርትና ለወላጅ ስለ መታዘዝ እንደምናገር ሳትገምቱ አልቀራችሁም። ስለ እነዚህ ጉዳዮች ከሚንበር ላይ ዘወትር ይነገራል። ዛሬ ግን እንደ ተራ ነገር ስለሚታይ አንድ ጉዳይ፣ ስለ ጨዋታ ልናገር እወዳለሁ። ጨዋታ ስል ልጅ ሥራ ፈትቶ የሚውልበትን ማለቴ አይደለም። መምህሩ አስቦበት፣ ሕግ አውጥቶለትና ሰዓት ወስኖለት፣ በክፍል ውስጥ ወይም በግቢ ልጆቹን ጠባይ የሚያስተምርበትን ጨዋታ ማለቴ ነው።

ልጅ ሊያውቃቸው ከሚገቡ ነገሮች መካከል በፊደል ገበታም ሆነ በሉህ ላይ የማይጻፉ አሉ። ተራ መጠበቅ፣ ሲናደድ እጁን መሰብሰብ፣ ሲሸነፍ አለማኩረፍ፣ ሲያሸንፍ አለመሳለቅ፣ የጓደኛውን ፊት አይቶ ማዘኑን ማወቅ፣ ላጠፋው ይቅርታ መጠየቅ፣ ከማያውቀው ልጅ ጋር አብሮ መሥራት። የትምህርት ባለሙያዎች እነዚህን ማኅበራዊና ስሜታዊ ክህሎት ይሏቸዋል። እኛ በመድረሳ አኽላቅ በሚለው ትምህርት ውስጥ እናገኛቸዋለን። አገራችን ደግሞ ይህ ሁሉ ያለውን ልጅ በአንድ ቃል ጨዋ ትለዋለች።

እንግዲህ ጥያቄው እንዲህ ያለው ጠባይ እንዴት ይገኛል የሚለው ነው። እኛ የለመድነው መንገድ ምክር ነው። «ታገሥ»፣ «አትጣላ»፣ «ሶብር አድርግ» እንላለን። ምክር አስፈላጊ ነው። ነገር ግን በአንገር ወንዝ ዳር አስቀምጠን ስለ ዋና ያስተማርነው ልጅ ውኃው ውስጥ ሲገባ እጁንና እግሩን ምን እንደሚያደርገው አያውቅም። ትዕግሥትም እንደዚሁ ነው። ልጁ ቃሉን ሊያውቀው ይችላል፤ ጓደኛው ጠጠሩን ሲወስድበት ግን የሚቀድመው ጡጫው ነው። ትዕግሥትን መለማመድ ያለበት ትዕግሥት በሚጠይቅ ነገር ውስጥ ገብቶ ነው። ጨዋታ ለዚህ የተመቸ ቦታ ነው፤ ምክንያቱም ንዴቱም፣ ሽንፈቱም፣ ተስፋውም እውነተኛ ሆኖ ሳለ ጉዳቱ ግን ትንሽ ነው።

ይህ ጉዳይ በእኛ አካባቢ ለምን ይበልጥ እንደሚያሳስብ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ኡኬ ከነቀምቴ ወደ አንገር ጉትንና ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። በወለጋ ከነባሩ ሕዝብ ጋር ከወሎ፣ ከሐረርጌና ከሌላም አካባቢ የመጡ ቤተሰቦች ይኖራሉ። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ በተካሄደው ሰፈራ ብዙ ሕዝብ ወደዚህ ምዕራብ ምድር መጥቷል። በዚህ ምክንያት በአንድ ክፍል ውስጥ በቤቱ አፋን ኦሮሞ የሚናገር ልጅና በቤቱ አማርኛ የሚናገር ልጅ አንድ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ከዚያም በመስከረም 2011 ዓ.ም. በካማሺ ዞንና በምሥራቅ ወለጋ አዋሳኝ በተነሳው ግጭት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተፈናቀሉ። በተከታዮቹ ዓመታትም ወለጋ ብዙ ደም አይታለች፤ ከየብሔረሰቡ ብዙ ሰው ቤቱን ጥሎ ሸሽቷል። ማን ምን አደረገ የሚለውን ለመናገር አልተነሳሁም። ለማለት የፈለግሁት ልጆቹ ይህን ሁሉ አይተዋል፣ ወይም አዋቂዎች ማታ ሲያወሩ ሰምተዋል ነው። አንዳንዱ ልጅ በር በኃይል ሲዘጋ ይደነግጣል። አንዳንዱ ከሌላው ወገን ልጅ አጠገብ መቀመጥ አይፈልግም፤ ለምን ቢባል ምክንያቱን አያውቀውም፤ ከቤት የሰማው ነው። እነዚህ ልጆች ከአሥር ዓመት በኋላ የዚህ አካባቢ ጎረቤታሞች፣ ነጋዴዎችና ሽማግሌዎች የሚሆኑ ናቸው። አብሮ መኖርን ዛሬ ካልተለማመዱት መቼ ይለማመዱታል?

ለዚህ የሚሆን ዕቃ ከውጭ ማስመጣት አያስፈልገንም፤ ከደጃችን አለ። ሦስት ጨዋታዎችን ላንሳ።

የመጀመሪያው እንቆቅልሽ ነው። በኦሮሞ ልጆች ዘንድ ሂቦ ይባላል። በአማርኛ ጠያቂው «እንቆቅልህ» ሲል ተጠያቂው «ምን አውቅልህ» ይላል። በአፋን ኦሮሞ «ሂቦ» ሲባል «ሂባካ» ተብሎ ይመለሳል። ሁለቱን አስተያዩአቸው፦ በሁለቱም ጠያቂው ከመጠየቁ በፊት ፈቃድ ይጠይቃል፤ ተጠያቂውም ዝግጁ መሆኑን ይናገራል። ሰው እየተናገረ ሳለ አለማቋረጥን የሚያስተምር ከዚህ የተሻለ ትምህርት የት ይገኛል? መልሱን ያላወቀ ልጅ ደግሞ በአማርኛው ልማድ «አገር ስጠኝ» ይባላል። እሱም ነቀምቴን ወይም ደሴን ወይም ሐረርን ይሰጣል፤ ጠያቂውም አገሩን ከተቀበለ በኋላ መልሱን ይነግረዋል። ተሸናፊው አልተሰደበም፣ አልተመታም፣ ከጨዋታው አልወጣም። እንዲያውም አገር ሰጪ ሆኖ ነው የተሸነፈው። አላውቅም ማለት ውርደት አለመሆኑን ልጁ በዚህ ይማራል። መምህራን ሆይ፣ በክፍላችሁ ውስጥ «አላውቅም» ማለትን የሚፈራ ልጅ ስንት ነው?

በዚህ ዓይነት ማስተማር ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለሶሐቦቻቸው ቅጠሏ ስለማይረግፍና በሙእሚን ስለምትመሰል ዛፍ እንቆቅልሽ ማቅረባቸውን ቡኻሪ ዘግበዋል። ሰዎቹ የበረሃ ዛፎችን ያስቡ ጀመር። ዐብደላህ ኢብን ዑመር የተምር ዛፍ መሆኗን በልቡ አውቆ ነበር፤ ነገር ግን በዕድሜ ትንሽ ስለነበር አፍሮ ዝም አለ። በኋላ ለአባቱ ሲነግር አባቱ ዑመር ተናግረህ ቢሆን ኖሮ ደስ ይለኝ ነበር አሉት። በየክፍላችን መልሱን አውቆ በእፍረት ዝም የሚል ልጅ አለ። የመምህሩ ሥራ ይህን ልጅ ማግኘትና ተራ እንዲደርሰው ማድረግ ነው። እንቆቅልሽ ለዚህ የተመቸ የሚሆነው ተራው ለሁሉም ስለሚዞር ነው።

ሁለተኛው ገበጣ ነው። መሬት ላይ በሁለት ረድፍ ስድስት ስድስት ጉድጓድ ይቆፈራል፤ በየጉድጓዱ አራት አራት ጠጠር ይደረጋል። ገንዘብ አይጠይቅም፤ ደግሞም ቁጥር ያስተምራል። ነገር ግን ለእኛ ጉዳይ ትልቁ ጥቅሙ ሌላ ነው። የገበጣ ሕግ ከቦታ ቦታ ይለያያል። ስለ ኢትዮጵያ ብዙ የጻፉት ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት ጥናት በአገራችንና በአካባቢው አገሮች ያሉትን በርካታ የአጨዋወት ዓይነቶች መዝግበዋል። ስለዚህ አባቱ ከወሎ የመጣ ልጅና አባቱ እዚሁ የተወለደ ልጅ ለገበጣ ሲቀመጡ ሁለት ሕግ ይዘው ሊቀመጡ ይችላሉ። አንዱ «በእኛ ቤት እንዲህ ነው» ይላል፤ ሌላውም እንዲሁ። መምህሩ በዚህ ጊዜ ሕጉን ከራሱ አውጥቶ አይንገራቸው። «ከመጀመራችሁ በፊት ተስማሙና የተስማማችሁበትን ንገሩኝ» ይበላቸው። ዛሬ በአንዱ ቤት ሕግ፣ ነገ በሌላው ቤት ሕግ ለመጫወት ቢስማሙ የዕለቱ ትምህርት አንድም ጠጠር ሳይነሳ ተፈጽሟል ማለት ነው። የአንዱ ቤት ልማድ ከሌላው ስለተለየ ስሕተት አለመሆኑን፣ አብሮ ለመሥራት ግን ስምምነት እንደሚያስፈልግ በእጃቸው ዳሰው አዩት። አንድ ነገር ግን ላስጠንቅቅ፤ በገንዘብም ሆነ በቁልፍ ወይም በብይ መያዣ አያጫውቷቸው። ቁማር በሃይማኖታችን ሐራም ነው። ከዚህም ሌላ ልጁ ንብረቱን ካጣ ሽንፈቱ ስለሚከብድበት ልናስተምረው የፈለግነው ትዕግሥት ይበላሻል።

ሦስተኛው የፊት ጨዋታ ብዬ የምጠራው ነው። አንድ ልጅ ተነስቶ ያለ ንግግር ፊቱን ያሳያል፤ ተቆጥቶ ወይም ፈርቶ ወይም ደስ ብሎት። ሌሎቹ ምን እንደሆነ ይገምታሉ፤ ስሙንም በሁለቱ ቋንቋ ይጠሩታል። ፍርሃት በአፋን ኦሮሞ ሶዳ ነው፤ ደስታ ገመቹ ነው። ከዚያ መምህሩ «እንዲህ የሚሰማህ መቼ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ስሜቱን በስሙ መጥራት የቻለ ልጅ «ተናድጃለሁ» ይላል፤ ያልቻለው ይማታል። አማርኛችን ለዚህ ሀብታም ነው፤ ኩርፊያ፣ ቂም፣ ቅናት፣ እፍረት፣ ናፍቆት እያንዳንዳቸው የተለዩ ናቸው። ልጁ ማኩረፉንና ቂም መያዙን ለይቶ ቢያውቅ ኩርፊያው ወደ ቂም ሳይደርስ ሊመልሰው ይችላል።

ለመናገር የሚያፍር ልጅ ካለ ከአሮጌ ካልሲ አሻንጉሊት ሠርታችሁ አሻንጉሊቱ እንዲናገርለት አድርጉ። ብሩክታዊት ጥጋቡና ባለቤቷ ያዘጋጁት «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለው የልጆች የቴሌቪዥን ዝግጅት በእንዲህ ያለ አሻንጉሊት፣ ፀሐይ በተባለች ትንሽ ቀጭኔ አማካይነት ለአገራችን ልጆች ብዙ ነገር አስተምሯል። ልጅ በራሱ ስም ያልተናገረውን ፍርሃት በአሻንጉሊቱ ስም ይናገረዋል።

አሁን ከውጭ አገር አንድ ምሳሌ ልጨምር። በአሜሪካ አገር በካንሳስ ክፍለ ሀገር አራተኛ ክፍል ታስተምር የነበረች ሙሪየል ሳንደርስ የምትባል መምህርት ከሁለት ተመራማሪዎች ጋር ሆና የመልካም ጠባይ ጨዋታ የተባለውን ዘዴ ሞከረች፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ1969 ታተመ። ዘዴው ቀላል ነው። ክፍሉ በሁለት ቡድን ይከፈላል። ሳያስፈቅዱ መነሳት፣ ሳይፈቀድ መናገርና የመሳሰሉት ጥፋቶች አስቀድመው ይነገራሉ። ከቡድኑ አንዱ ሲያጠፋ በሰሌዳው ላይ ለቡድኑ ምልክት ይደረጋል። ምልክቱ ከተወሰነው ቁጥር ካላለፈ ሁለቱም ቡድኖች ማሸነፍ ይችላሉ። ይህን ሁለቱም ማሸነፍ የሚለውን ልብ በሉት። በኋላም እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ በባልቲሞር ከተማ በ19 ትምህርት ቤቶች አንደኛ ክፍል ተማሪዎች ላይ ጥናት ተደረገ። ልጆቹ አድገው ከ19 እስከ 21 ዓመት ሲሆናቸው ተመራማሪዎቹ ተመለሱባቸው። በመጀመሪያ ክፍል ይህን ጨዋታ ከተጫወቱት መካከል በተለይ አስቸጋሪ የነበሩት ወንዶች ልጆች ካልተጫወቱት ጓደኞቻቸው ይልቅ ለአደንዛዥ ዕፅ ሱስ የተጋለጡት አነሱ። በስድስትና በሰባት ዓመት የተዘራ ነገር በሃያ ዓመት ታየ ማለት ነው።

ይህን በክፍላችሁ ብትሞክሩት አንድ ጥንቃቄ አድርጉ። ቡድኑ የተሸነፈው በአንድ ልጅ ጥፋት ከመሰለ ልጆቹ እሱን ይጠሉታል። ስለዚህ የአጥፊውን ስም አትጥሩ፤ ቡድኑንም በሰፈር ወይም በቋንቋ ሳይሆን በዕጣ ክፈሉ።

«እኔ ልጄን የላክሁት ቁርአን እንዲቀራ ነው፤ ጨዋታማ ከደጅም አለው» የሚል ወላጅ አለ። ይህ ቅን ጥያቄ ነው፤ መልስም ይገባዋል። ኢማም አል ገዛሊ በ505 ዓመተ ሂጅራ የሞቱ ታላቅ ዓሊም ናቸው። ኢሕያእ ዑሉሙ ዲን በተባለው መጽሐፋቸው ልጅ ከትምህርቱ በኋላ መልካም ጨዋታ እንዲጫወት ሊፈቀድለት እንደሚገባ፣ ጨዋታ ተከልክሎ ዘወትር በትምህርት ብቻ ቢያዝ ግን ልቡ እንደሚሞትና አእምሮው እንደሚደክም ጽፈዋል። ኢብን ኸልዱንም በልጆች ላይ የሚበዛ ጭካኔ ልጁን ውሸትና ተንኮል እንደሚያስተምረው ጽፈዋል። ይህን የተናገሩት ትምህርትን የናቁ ሰዎች አይደሉም፤ ዕድሜያቸውን በትምህርት የጨረሱ ናቸው።

ከዘመኑ ጥናትም ማስረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ አንድ ጥናት ማኅበራዊና ስሜታዊ ክህሎት የሚያስተምሩ 213 ፕሮግራሞችን መርምሯል፤ በጠቅላላው ከ270 ሺህ በላይ ተማሪዎች ነበሩባቸው። ይህን ትምህርት ያገኙት ልጆች በጠባይ ብቻ ሳይሆን በትምህርት ውጤትም ካላገኙት ተሽለው ተገኙ። በምሳሌ ለማስረዳት፦ መቶ ልጆችን በውጤት ቅደም ተከተል ብናሰልፍ በሰልፉ መካከል የሚቆመው ልጅ አሥራ አንድ ቦታ ያህል ወደ ፊት ያልፋል። ስለዚህ ለጨዋታ የሰጠናቸው አሥር ደቂቃዎች ከቁርአኑ ወይም ከሒሳቡ የተሰረቁ አይደሉም። ልቡ ያረፈ ልጅ የቀራውን ይይዛል።

«ዱላ ከሌለ ልጅ አይፈራም» የሚልም አለ። የአገራችን ሕገ መንግሥት በ1987 ዓ.ም. ሲጸድቅ በአንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋማት ከአካል ቅጣት ነጻ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ከሕጉም ባሻገር ግን ነገሩን በማስተዋል እንየው። በዱላ ጸጥ ያለ ክፍል መምህሩ ሲወጣ ይታመሳል። የጨዋታን ሕግ ራሱ ተስማምቶ ያወጣ ልጅ ግን መምህሩ በሌለበትም «ተራህ አይደለም» ይላል። እኛ የምንፈልገው ጠባይ ሰው በማያይበት ጊዜም የሚቆየውን አይደለምን?

መምህራን ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ በሥራ ላይ ለማዋል የሚረዱ ጥቂት ነጥቦችን ላስቀምጥ።

አንደኛ፣ በክፍላችሁ ስልሳ ልጅ ቢኖርም አይግረማችሁ፤ በስድስት በስድስት መድቧቸው። ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ደቂቃ ይበቃል፤ ነገር ግን በየሳምንቱ በተወሰነ ቀን ይሁን።

ሁለተኛ፣ የተሸነፈው ወጥቶ የሚቀመጥበትን ጨዋታ አታዘውትሩ። ቀድሞ የሚወጣው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ልምምዱ ይበልጥ የሚያስፈልገው ነው።

ሦስተኛ፣ ለሴቶች ልጆች ተራ መድረሱን አረጋግጡ። ገመድ ዝላይም ሆነ ቅልልቦሽ ከገበጣ ያላነሰ ትዕግሥትና ስምምነት ያስተምራል።

አራተኛ፣ ማንንም አታስገድዱ። ድብብቆሽ ለብዙ ልጅ ደስታ ነው፤ ከጥይት ሸሽቶ ጫካ ውስጥ ተደብቆ ላደረ ልጅ ግን መደበቅ ጨዋታ ላይሆን ይችላል። ዓይን መሸፈንም እንዲሁ። «አልፈልግም» ያለ ልጅ አጠገባችሁ ተቀምጦ ነጥብ ይቁጠር፤ ሲፈልግ ራሱ ይገባል።

አምስተኛውና ዋናው ነጥብ ከጨዋታው በኋላ የሚደረገው ንግግር ነው። በቋንቋችን ጨዋታ ማለት ሁለት ነገር ነው፤ መጫወትም ነው፣ ተቀምጦ መነጋገርም ነው። ሰው ቤት ሄደን «ጥሩ ጨዋታ ተጫወትን» ስንል ኳስ ተራገጥን ማለታችን አይደለም። ለልጆቹም ሁለቱን ስጧቸው። ጠጠሩ ከተሰበሰበ በኋላ ሦስት ጥያቄ ጠይቁ፦ ምን ሆነ? ያን ጊዜ ምን ተሰማህ? በሚቀጥለው ምን እናድርግ? መልሱን እናንተ አትስጡ፤ ከልጆቹ ይምጣ። ይህ ንግግር ከሌለ ልጁ ተጫውቶ ብቻ ይሄዳል። ንግግሩ ካለ ግን በገበጣ የተማረውን ውኃ ለመቅዳት ሲሰለፍ፣ ወንድሙ ልብሱን ሲለብስበት፣ በመንገድ ላይ ከማያውቀው ልጅ ጋር ሲጋጭ ያስታውሰዋል።

ጨዋታ ሁሉን ያድናል እያልሁ እንዳልሆነ ግን ልትረዱልኝ ይገባል። የተራበን ልጅ ጨዋታ አያጠግበውም። ሌሊት እየጮኸ የሚነቃ፣ ወራት አልፎም የማይናገር ልጅ ወደ ጤና ጣቢያ መወሰድ አለበት፤ ይህን ማድረግ ዱዓን መተው አይደለም። አዋቂዎች በየቤታችን ስለ ጎረቤታችን ክፉ እያወራን መምህሩ በሳምንት አሥራ አምስት ደቂቃ ያንን ያጥብልን ማለትም አይቻልም። ልጅ በመድረሳ ከጎረቤቱ ልጅ ጋር የተስማማበትን ሕግ ማታ አባቱ በአንድ ቃል ሊያፈርሰው ይችላል።

ስለዚህ ለወላጆች የማቀርበው ልመና አጭር ነው። ዛሬ ማታ ከራት በኋላ ስልካችሁን አስቀምጡና ልጆቻችሁን ሰብስባችሁ እንቆቅልሽ ጠይቋቸው፤ እነሱም ይጠይቋችሁ። ያላወቃችሁትን «አላውቅም» በሉና አገር ስጧቸው። አባት ሲሸነፍ አይቶ የማያውቅ ልጅ መሸነፍን ከማን ይማራል? ጁምዓ ከሰላት በኋላ ደግሞ የጎረቤታችሁን ልጅ ጨምሩበት፤ ቋንቋው ከእናንተ የተለየ ቢሆን የተሻለ ነው፤ የማታውቁት ሂቦ ወይም እንቆቅልሽ ይዞላችሁ ይመጣል።

ለኮሚቴው ደግሞ የማሳስበው ነገር አለ። ለመድረሳው ግቢ ጥላ የሚሆን ዛፍ ይተከል፤ ሥሩም ለገበጣ ተደልድሎ ይሰናዳ። ገመድና ጠጠር ብዙ ወጪ አያስወጡም። በዓመቱ መጨረሻ መምህራኑ ተሰብስበው ጠብ የቀነሰ መሆን አለመሆኑን፣ ለብቻው ይቀመጥ የነበረው ልጅ ጓደኛ ማግኘት አለማግኘቱን አይተው ለወላጆች ይንገሩ። ያልሠራ ነገር ካለ ይለወጥ።

አላህ ልጆቻችንን ለአካባቢያቸው ሰላም የሚሆኑ፣ ለወላጆቻቸው የዓይን ማረፊያ የሚሆኑ ያድርግልን። የተፈናቀለውን ወደ ቤቱ ይመልስልን፤ የሞተውን ይማርልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።